ብግነት እንዴት ያበቃል? የጥናት ልምዴ

ለመውጫ ፈተና ከምናጠናቸው ርዕሶች ሁሉ ያስቸገረኝ ብግነት (ሰውነት ለጉዳት ወይም ለጀርም የሚሰጠው የመከላከል ምላሽ) ነበር። በቅርቡ ለጥናት ቡድናችን ያለ ማስታወሻ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስረድቼዋለሁና የተጠቀምኩበትን ዘዴ ላካፍላችሁ።

አጀማመሩ አያስቸግርም። መቅላት፣ ማበጥ፣ መሞቅና ማመም፤ አራቱን ምልክቶች ሮማዊው ሴልሰስ በ1ኛው ክፍለ ዘመን ጽፏቸዋል። ሂስታሚን የተባለው ሴሎች የሚለቁት ኬሚካል ቀጫጭን የደም ሥሮችን ያሰፋል፤ ፈሳሽም ወደ ውጭ እንዲያሳልፉ ያደርጋል።

እኔን የያዘኝ ማብቂያው ነው። ማስታወሻዎቻችን አጀማመሩን በገጽ በገጽ ዘርዝረው መጨረሻውን በአንድ መስመር ያልፉታል። ስለዚህ በሰፊ ወረቀት ላይ የሰዓት መስመር አሰመርኩና ከኮዬ ፈጬ ወደ መሀል ከተማ በምመላለስበት አውቶቡስ ውስጥ ሳይቀር እያወጣሁ አየው ጀመር። ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ኒውትሮፊሎች የተባሉት ፈጥነው የሚደርሱ ነጭ የደም ሴሎች ይበዛሉ፤ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ሞኖሳይቶች የተባሉት ሌሎች ነጭ የደም ሴሎች ደርሰው ማክሮፌጅ (ዋጭ ሴል) ይሆናሉ። ኒውትሮፊሎቹ ሥራቸውን ጨርሰው ሲሞቱ ማክሮፌጆች ይውጧቸዋል፤ ሲውጧቸውም የሚያረጋጉ መልእክቶችን ይለቃሉ። ብግነትን የሚያባብሰው ፕሮስታግላንዲን ይሠራበት የነበረው አራኪዶኒክ አሲድ የተባለ የሴል ሽፋን ስብ ራሱ ብግነትን ለሚያበርደው ሊፖክሲን መሥሪያ ይሆናል። ብግነት ደክሞት አይተኛም፤ ሰውነት ሠርቶ ያስቆመዋል።

እስካሁን ያልኩት ቶሎ የሚያበቃውን አጣዳፊ ብግነት ነው፤ ሥር የሰደደው፣ ለረጅም ጊዜ የሚቆየው ብግነት የገባኝ ከዚህ በኋላ ነው። «አጣዳፊው ሲረዝም» ብሎ ማስተማርን አጥብቄ እቃወማለሁ። ሥር በሰደደው ማክሮፌጅ፣ እንዲሁም ሊምፎሳይትና ፕላዝማ ሴል የተባሉ የመከላከያ ሴሎች ይበዙበታል፤ ጥፋትና ጥገና አብረው ይሄዳሉ፤ አጣዳፊውን ደረጃ ሳያልፍም ሊጀምር ይችላል። በቲቢ ማክሮፌጅ የዋጠውን ባክቴሪያ መግደል ሲያቅተው ከቲ ሴሎች (ከሊምፎሳይት ዓይነቶች አንዱ) ጋር ሆኖ ግራኑሎማ በሚባል የሴሎች ክምችት ያጥረዋል። ፖዶኮኒዮሲስ የተባለው የእግር እብጠት በሽታ ደግሞ የአገራችን ምሳሌ ነው፦ በእሳተ ገሞራ ቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግሩ የሚያርስ ገበሬ ቆዳ ውስጥ የሚገቡትን ጥቃቅን ማዕድናት ሰውነት ማስወገድ ስለማይችል ከሰውነት ክፍሎች ፈሳሽ የሚመልሱት የሊምፍ መስመሮች ይጎዳሉ፤ እግሩም ያብጣል። ጫማ ብቻ ይከላከለው የነበረ በሽታ ነው! ይህን ሳይጠቅሱ ማስተማር ያሳዝነኛል።

ስላይድ ደጋግሞ ከማንበብ ወረቀት ላይ መሣል ይሻላል እላለሁ። ሴሎች መልእክት ለሚለዋወጡባቸው ፕሮቲኖች፣ ለሳይቶካይኖች፣ ግን መስመሩ አልሠራልኝም። ቲኤንኤፍና ኢንተርሉኪን 1 ትኩሳት እንደሚያመጡ ይዣለሁ፤ የቀሩትን እስካሁን የምሸመድዳቸው በቃሌ ነው። የተሻለ ዘዴ ያላችሁ ብትጽፉልኝ ዛሬውኑ እሞክረዋለሁ።