የጉንፋን መድኃኒት ብልቃጥ

ዛሬ የሌሊት ፈረቃዬን ጨርሼ ስወጣ ገና እየነጋጋ ነበር። የቤቴን መንገድ ትቼ ወደ ሚኔቶንካ ሐይቅ ነዳሁ። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ እንዲህ አደርጋለሁ። መኪናዬን ውሃው ዳር አቁሜ የአሜሪካዊቷን የብሉዝ ዘፋኝና ጊታር ተጫዋች፣ የቦኒ ሬይትን የመጀመሪያ አልበም ከፈትኩ። ሚኒሶታ ከገባሁ አምስት ዓመቴ ነው። ይህ አልበም እዚሁ ሐይቅ ላይ፣ በአንዲት ደሴት መቀዳቱን ያወቅኩት ግን ገና ዘንድሮ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1971 በበጋው ነው የተቀዳው። ስቱዲዮ አልገቡም። ልጆች የዕረፍት ጊዜያቸውን የሚያሳልፉበት፣ ያን ጊዜ ባዶ የነበረ ካምፕ ነው፤ መቅጃው አራት ትራክ ብቻ አለው። ከቺካጎ ሃርሞኒካ ነፊው ጁኒየር ዌልስና ሳክስፎን ተጫዋቹ ኤ ሲ ሪድ መጡ። የሚኒያፖሊሱ ዊሊ መርፊ ደግሞ ፕሮዲውስ አደረገው። አንድ ላይ ሆነው እየተጫወቱ ነው የቀዱት። ስሰማው የቤቱ ወለል፣ የሰዎቹ ትንፋሽ ሁሉ አብሮ ይመጣብኛል። ቦኒ ያኔ 21 ዓመቷ ነበር።

ስለ እሷ የሚያወራ ሰው ብዙ ጊዜ የሚጀምረው በ1990 ካገኘቻቸው የግራሚ ሽልማቶች ነው። እኔን የሚይዘኝ ከዚህ ሐይቅ በፊት ያለው ነው።

የተወለደችው በ1949 ካሊፎርኒያ፣ በርባንክ ነው። አባቷ ጆን ሬይት የብሮድዌይ፣ ማለትም የኒውዮርክ ሙዚቃዊ ቲያትር ዘፋኝ፣ እናቷ ፒያኒስት። ስምንት ዓመቷ ላይ ለገና በዓል ስቴላ የሚባል ርካሽ ጊታር ተሰጣት። አሥራ አራት ሲሆናት በ1963 ኒውፖርት ላይ የተቀዳ የብሉዝ ሸክላ እጇ ገባ፤ እሱን እየሰማች፣ መርፌውን እየመለሰች ጣቶቿን አሠለጠነች። በ1967 ራድክሊፍ ኮሌጅ ስትገባ ግን ሐሳቧ ሙዚቃ አልነበረም። የአፍሪካ ጥናት ነበር የያዘችው። ኔሬሬ ወደሚገነቧት ታንዛኒያ ሄዳ መሥራት ትፈልግ ነበር። ይህን ሳነብ ደስ አለኝ፤ እኛ ወደዚህ ለመምጣት ስንጨነቅ ወደዚያ መሄድ የምታልም ልጅ ነበረች።

ኮሌጁ ባለበት ከተማ ዲክ ዋተርማን የሚባል ሰው ነበር። የጥንት የብሉዝ ሰዎችን ሥራ የሚያስተዳድር። ሰን ሀውስ፣ ስኪፕ ጀምስ፣ ፍሬድ ማክዳወል በእሱ በኩል ነበር የሚዞሩት። ሰን ሀውስና ስኪፕ ጀምስ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሸክላ አስቀድተው ከዚያ ሰው ረስቷቸው፣ በ1964 ከያሉበት ተፈልገው የተገኙ አዛውንት ናቸው። ቦኒ ከዋተርማን ጋር ተዋወቀችና ትምህርቷን አቋርጣ ተከተለቻቸው። የሃያ ዓመት ልጅ፣ አያቶቿ ሊሆኑ ከሚችሉ ሰዎች ጎን ተቀምጣ እጃቸውን ታያለች። በ1898 የተወለደችው ሲፒ ዋላስ በ1920ዎቹ የታወቀች ዘፋኝ ነበረች። ቦኒ በዚህ አልበም ላይ ሁለት ዘፈኖቿን ተጫወተችላት። ኋላም መድረክ ላይ ይዛት ወጣች።

እኔ የምሠራው አረጋውያን ማቆያ ነው። ሌሊት ሌሊት አገላብጣቸዋለሁ፣ ውሃ አጠጣቸዋለሁ፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ እሰጣለሁ። ከመካከላቸው ስንቱ አናጢ፣ ስንቷ የልብስ ሰፊ፣ ስንቱ የባቡር ሠራተኛ እንደነበረ የማውቀው መዝገባቸው ላይ አንድ መስመር ስላለ ብቻ ነው። እጅዎ ምን ያውቃል ብሎ የጠየቃቸው ሰው አላየሁም። እኔም አልጠየቅኩም። የቦኒ ታሪክ ደጋግሞ እዚህ ላይ ይወጋኛል።

አሁን ስለ ብልቃጡ ልጻፍ። ስላይድ ጊታር የሚጫወቱ ሰዎች ጣታቸው ላይ የብርጭቆ ወይም የብረት ቱቦ ያጠልቁና ክሩን ሳይጫኑ በላዩ ያንሸራትታሉ። ድምፁ ከአንዱ ኖታ ወደ ሌላው ደረጃ ሳይኖረው ይፈሳል። ቦኒ ይህን ሲያደርግ ያየችው ሰው አልነበረም፤ ሸክላ ላይ ብቻ ነው የሰማችው። እንዴት እንደሚሆን ሲነገራት የጉንፋን መድኃኒት ብልቃጥ ውሃ ውስጥ ነክራ ወረቀቱን ላጠችና የመሃል ጣቷ ላይ አጠለቀችው። አብዛኛው ተጫዋች የሚያጠልቀው በትንሿ ወይም በቀለበት ጣቱ ነው። ይህን በዓይኗ ስታይ የእሷ እጅ ከለመደ ቆይቷል። እስከ ዛሬም በመሃል ጣቷ ነው። እኔ ያን ዘገምተኛና ልቅሶ የመሰለ መንሸራተት፣ ከዚያች ጣት ክብደት የሚመጣ ይመስለኛል። ሙዚቀኛ አይደለሁም፤ ጆሮዬ ግን እንዲህ ይለኛል።

ጆሮዬ የተሠራው ጎንደር ነው። የእናቴ ወንድም አዝማሪ ነበሩ፤ ማሲንቋቸው ምሰሶው ላይ ተሰቅሎ ይውላል። ማሲንቆም ላይ ጣት ክሩን ከእንጨቱ ጋር አያጣብቅም፤ ከጎን ነክቶ ያንሸራትታል። የቦኒን ስላይድ መጀመሪያ የሰማሁ ቀን ያን ያህል የደነገጥኩት ለዚህ ነው። ዘፈኑን ከእሳቸው ጋር እንድቀበል ይፈቀድልኝ ነበር። ማሲንቆውን ግን ማንም አላስነካኝም፤ የወንድ ነው ተባለ። አስናቀች ወርቁ ክራሯን ታቅፋ ስትጫወት በቴሌቪዥን እያየሁ፣ እሷስ ብዬ ጠይቄ ነበር። ክራር ሌላ ነው አሉኝ።

በ1970 ኒውዮርክ፣ ጋስላይት ካፌ፣ ፍሬድ ማክዳወል ከመውጣቱ በፊት መድረኩን የከፈተችው ቦኒ ነበረች። ወሬዋ ከዚያ ተሰማ፤ የሙዚቃ ኩባንያው ዋርነር ብራዘርስ አስፈረማት። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው። አልበሞች ወጡ፣ ኩባንያው በ1983 አሰናበታት፣ መጠጥ አቆመች፣ በ1989 ባወጣችው ሥራ በአርባ ዓመቷ ዓለም አወቃት። በ1969 በ120 ዶላር የገዛችው፣ ቀለሙ ተልጦ እንጨቱ የወጣ ፌንደር ስትራቶካስተር በዚያ ሁሉ ጊዜ ከእጇ አልወጣም።

አንድ ነገር ግን ሳልጽፈው ማለፍ አልችልም። ፍሬድ ማክዳወል በ1972 ሲሞት መቃብሩ ላይ የተተከለው ድንጋይ ስሙን እንኳ አሳስቶ ነበር የጻፈው። በ1993 ኮሞ፣ ሚሲሲፒ ላይ በትክክለኛ ስሙ አዲስ ድንጋይ ተተከለ፤ የከፈለችው ቦኒ ናት። ሜምፊስ ሚኒም አለች። በ1929 ሸክላ ማስቀዳት የጀመረች፣ ወንዶቹን በጊታር የምታስንቅ ሴት፤ በ1973 ስትሞት መቃብሯ ድንጋይ አልነበረውም። በ1996 ዎልስ፣ ሚሲሲፒ ላይ ድንጋይ ቆመላት። እሱንም ቦኒ ናት የከፈለችው። ሚኒም የመጀመሪያ ጊታሯን ያገኘችው በስምንት ዓመቷ፣ ለገና ነው። ይህን ሳነብ ስልኬን አስቀምጬ ብዙ ቆየሁ።

ፀሐይ ስትወጣ ጎንደር ደወልኩ። እዚያ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ሆኗል።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋሉ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን ልጄ። ምነው በደኅናሽ ነው በዚህ ሰዓት?»

«ደኅና ነኝ። አንድ ነገር ልጠይቅዎ ብዬ ነው። ማሲንቆውን ሲመቱ የትኛው ጣትዎ ነው የሚቀድመው?»

ዝም አሉ። መስመሩ የተቋረጠ መሰለኝ።

«ምን ሊያደርግልሽ?»

«ልማረው።»

እንደገና ዝም አሉ። ሰማንያ ሁለት ዓመታቸው ነው፤ ትንፋሻቸው ይሰማኛል። ከዚያ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ማሲንቆውን ከምሰሶው እንዲያወርድላቸው አዘዙ። ስልኩን መደቡ ላይ ሲያስቀምጡት ተንኳኳ። ክሩን ዕጣን አስነኩት መሰለኝ፣ ደጋኑ መጀመሪያ ሻከረ፣ ከዚያ ለዘበ። ቀስ ብለው መቃኘት ጀመሩ።