850 ዋት ተብሎ የተሸጠልኝ ፓወር ሰፕላይ

የምሠራው የሕንፃ 3ዲ ምስልና አኒሜሽን ነው። ደንበኞቼ ገና መሠረቱ ያልወጣ አፓርታማ አልቆ፣ ዛፍ ተተክሎለት፣ በረንዳው ላይ ሰው ቆሞ ማየት ይፈልጋሉ። በላፕቶፕም ይሠራል፤ ግን ሬንደሩ፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ምስሉን አስልቶ የሚያወጣበት ሥራ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሄዶም አያልቅም። ስለዚህ ጠንካራ ዴስክቶፕ ላስገጥም ተነሣሁ። ስለ ፕሮሰሰርና ስለ ግራፊክስ ካርድ ያልመከረኝ ሰው የለም። ለማሽኑ ኤሌክትሪክ ስለሚያድለው ስለ ፓወር ሰፕላይ ግን ትንፍሽ ያለ አልነበረም። አዲስ አበባ ውስጥ ማሽን ልታስገጥሙ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

ቀላል ቀላሉን ቶሎ ልለፈው። ፕሮሰሰሩ ራይዘን 9 5900ኤክስ ነው፤ 12 ኮር አለው። ከሱ የሚበልጥ አዲስ ትውልድ ነበር፤ ግን ማዘርቦርዱንና ራሙንም አብሮ ያስወድዳል። ማዘርቦርዱ (ሁሉም ዕቃ የሚሰካበት ሰሌዳ) ቢ550። ራሙ 64 ጊጋ፣ ባለ 32 ሁለት ፍሬ። በአንድ ፍሬ አትግዙ፤ ፍጥነት ታጣላችሁ። ባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ቅንብር) ገብታችሁ ራሙን በሙሉ ፍጥነቱ የሚያሠራውን ኤክስኤምፒን አብሩ፤ አለዚያ ፍጥነቱ 3600 ተብሎ የተገዛው ራም ከዚያ በታች ነው የሚሠራው። ለፋይል ማስቀመጫ ፈጣኑን 2 ቴራ ኤንቪኤምኢ ኤስኤስዲ ጨመርኩ።

ግራፊክስ ካርዱ ላይ ግን ብዙ አሰብኩ። ያገለገለ አርቲኤክስ 3090 ገዛሁ፤ ዛሬም አልቆጭበትም። ምክንያቱ 24 ጊጋ ሜሞሪው ነው። ሣርና ዛፍ የሞላበት ግቢ ብሌንደር በሚባለው የ3ዲ ፕሮግራም ሬንደር ሲደረግ 8 ጊጋ አይበቃውም። በ2022 እ.ኤ.አ. ኢቴሪየም የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በግራፊክስ ካርድ ማይን ማድረግ (ማምረት) ሲቀር ብዙ ያገለገሉ ካርዶች ገበያ ወጥተዋል። አትፍሯቸው፤ ግን ሳትፈትሹ አትግዙ። የ3090 ግማሹ ሜሞሪ በካርዱ ጀርባ ነው የተቀመጠው፤ በደንብ አይቀዘቅዝም። ረዘም ላለ ጊዜ አሠርታችሁ የሜሞሪውን ሙቀት እዩ። 100 ዲግሪ ካለፈ ሙቀቱን ወደ ማቀዝቀዣው የሚያሻግረው ቴርማል ፓድ መቀየር አለበት፤ የዚያን ዋጋ አስቀንሱ።

ኬዝ (የማሽኑን ሣጥን) ስትመርጡ ደግሞ ፊቱ መስታወት የሆነውን ተዉት። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ አየራችን ከባሕር ዳር ከተሞች አየር በሩብ ገደማ ይሳሳል። ያው ፋን በያው ፍጥነት ቢዞር የሚያወጣው ሙቀት ያንሳል። ዩቲዩብ ላይ የምታዩት የሙቀት ቁጥር እኛ ጋ አይደገምም። ፊቱ ወንፊት የሆነ ኬዝ ግዙ፣ ፋንም አትቆጥቡ።

አሁን ወደ ፓወር ሰፕላዩ።

ከሱቁ ጋር በሞዴል ነበር የተስማማነው። የታወቀ ብራንድ፣ 850 ዋት፣ የጎልድ ምልክት ያለው። ገንዘቡን ከፈልኩ፤ መግጠሙም የእነሱ ሥራ ነበር። ማሽኑ ተገጥሞ፣ ኬዙ ተዘግቶ፣ መብራቱ እያብለጨለጨ ጠበቀኝ። ፓወር ሰፕላዩ ከኬዙ ሥር በብረት ሽፋን የተደበቀ ስለሆነ አይታይም። ዊንዶውስ ተነሣ፣ ሁሉም ደስ ይላል። ቤት ወስጄ የመጀመሪያውን ከባድ ሬንደር ስጀምር ድርግም አለ። ሰማያዊ ስክሪን የለ፣ መልእክት የለ። አምፖሌ ግን እንደበራ ነው፣ ራውተሩም እንደበራ ነው።

ለሱቁ ቴክኒሻን ደወልኩ። «ወንድሜ፣ የሰፈራችሁ መብራት ነው፤ ቮልት የሚያስተካክል ስታቢላይዘር ግዛ» አለኝ። ገዛሁ። ያው ድርግም። ማሽኑን ተሸክሜ ሄድኩ። ቴክኒሻኑ የዊንዶውስን መዝገብ ከፍቶ «ከርነል ፓወር 41» የሚለውን አሳየኝና «ይኸው፣ ፓወር ይላል! መብራት ነው አላልኩህም?» አለኝ። ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ያ ጽሑፍ የሚለው ኮምፒውተሩ በወጉ ሳይዘጋ ጠፍቶ ተነሣ ብቻ ነው። ለምን እንደጠፋ አይናገርም። ሰውዬው ይህን የማያውቅ ከሆነ የሰው ንብረት መንካት የለበትም። እያወቀ ከሆነ ደግሞ የባሰ ነው። ቀጥሎ «ያገለገለ ካርድ ስለሆነ ነው፣ ካርዱ ሞቷል» አሉኝ። ካርዱን የገዛሁት ከሌላ ሰው ስለነበር ጥፋቱን እዚያ ለመጣል ተመቻቸው።

ነገሩን የፈታልኝ ቀላል ሙከራ ነው። አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የካርዱን የኃይል ገደብ ወደ 60 በመቶ አወረድኩት። 350 ዋት የሚወስደው ካርድ 210 ላይ ተገደበ። ያ ሬንደር ዝግ ብሎ፣ ግን አንዴም ሳይጠፋ አለቀ። ሰፈሩ ያው፣ መብራቱ ያው፣ ካርዱ ያው። የተቀየረው ማሽኑ የሚስበው ኃይል ብቻ ነበር።

ከዚያ ኬዙን ፈታሁ። ሽፋኑን ሳነሣ የተስማማንበት ሞዴል የለም። ስሙን ሰምቼው የማላውቅ ዕቃ ነው የተገጠመልኝ። ላዩ ላይ በትልቁ «850» ተጽፏል። ጎኑ ላይ ያለው ሠንጠረዥ ግን እውነቱን ይናገራል፦ የ12 ቮልት መስመሩ 38 አምፒር። 38ን በ12 አባዙት፤ 456 ዋት ነው። ፕሮሰሰሩም ካርዱም የሚበሉት ከዚሁ መስመር ነው። ካርዱ 350፣ ፕሮሰሰሩ ሲጨናነቅ 140 ገደማ፤ ተደምሮ ከአቅሙ በላይ ነው። 3090 ደግሞ ለቅጽበት ከ350 በጣም ከፍ ብሎ ይስባል። ይባስ ብሎ ሁለቱን የካርዱን መሰኪያዎች በአንድ ባለ ሁለት ጫፍ ኬብል ነበር የሰኩት። እያንዳንዱ መሰኪያ የራሱ ኬብል ይገባዋል።

ፎቶ አንሥቼ ወሰድኩላቸው። «ያዘዝከው አልመጣም፤ ይሄም ያው 850 ነው» አሉ። ለምን አልነገራችሁኝም? መልስ የለም። ደረሰኙን ሳወጣ «ፓወር ሰፕላይ 850 ዋት» ይላል እንጂ ሞዴል የለበትም። ጊዜው ብር በ2024 እ.ኤ.አ. ሐምሌ መጨረሻ ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ነበር። «ትክክለኛውን ከፈለግክ በአሁኑ ዶላር ልዩነቱን ጨምር» አሉኝ። አልጨመርኩም። የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ስትመጣ በሻንጣዋ አመጣችልኝ፦ 850 ዋት፣ አዲሱን የኤቲኤክስ 3.0 ደረጃ ያሟላ፣ የ12 ቮልት መስመሩ ከ70 አምፒር በላይ። ከዚያ ወዲህ ሬንደር ላይ ጠፍቶብኝ አያውቅም። ሱቆቹ የድሮውን መልሰን አንቀበልም ብለው እኔው ጋ ቀርቷል። ያን ገንዘብ ዛሬም ሳስበው ይቆጨኛል።

ስለዚህ የእኔ ምክር ከተለመደው ይለያል። ኤንቪዲያ ለ3090 750 ዋት ይበቃል ይላል። ቁጥሩ የሚሠራው ዕቃው እውነተኛ ሲሆን ነው፤ የኛ ገበያ ላይ ዋቱን ትታችሁ የ12 ቮልቱን አምፒር እዩ። የጎልድ ምልክትም አያኩራራችሁ፤ እሱ የሚለካው የኃይል ብክነትን እንጂ የዕቃውን ጥራት አይደለም። ከጀርባው 115 እና 230 የሚል ቀይ ማብሪያ ያለውን አትንኩት፣ የድሮ አሠራር ነው።

ስታቢላይዘርንም ሁሉም ግዛ ይላል፤ እኔ ግን አትግዙ ነው የምለው። ጥሩ ፓወር ሰፕላይ ከ100 እስከ 240 ቮልት ራሱ ይቀበላል። ያን ገንዘብ መብራት ሲሄድ በባትሪ ለሚያቆየው ለዩፒኤስ አውሉት፣ እሱም እንደ መስመሩ መብራት ለስላሳ ሞገድ የሚሰጠውን፣ ፒዩር ሳይን ዌቭ የሚባለውን። ርካሹ ዓይነት መብራት ሲሄድ አዳዲስ ፓወር ሰፕላዮችን ሊያጠፋቸው ይችላል። «1000 ቪኤ» የተባለው ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚሸከመው 600 ዋት ገደማ ነው፤ ዋቱን ጠይቁ።

ኬዙን ስትነኩ የሚነዝራችሁ ከሆነ ቤታችሁ ኧርዝ፣ ማለትም የሚያመልጥ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ፣ የለውም ማለት ነው። ብዙ ቤት እንዲህ ነው። ፓወር ሰፕላይ ከመቀየራችሁ በፊት ኤሌክትሪሺያን ጥሩና ኧርዝ አስገቡ፤ ባለ ሦስት እግር ዲቫይደር ብቻውን ምንም አያደርግም።

ዕቃውን ስትረከቡ ደረሰኙ ላይ የእያንዳንዱን ሙሉ ሞዴል አስጽፉ። ኬዙ ሳይዘጋ የፓወር ሰፕላዩን ሠንጠረዥ ፎቶ አንሡ። የመጨረሻውን ክፍያ ሳትከፍሉ እዚያው ሱቁ ውስጥ ፕሮሰሰሩንና ካርዱን አንድ ላይ የሚያስጨንቅ ሬንደር ለግማሽ ሰዓት አስኪዱ። «ሰው እየጠበቀ ነው፣ ጊዜ የለንም» ካሏችሁ ቀሪውን ገንዘብ ይዛችሁ ውጡ።