በሰፈር ስም የሚለካ መልክ

በአዲስ አበባ ደቡብ ምዕራብ፣ በአለርት ሆስፒታል ዙሪያ ባለው የዘነበወርቅ ሰፈር ያደጉ ልጆች፣ ወላጆቻቸው የሥጋ ደዌ ታማሚዎች ስለነበሩ ብቻ መልካቸው በሌላ ዓይን ሲታይ መኖሩ እጅግ ያሳዝነኛል። ቁመናዋና የዓይኗ ውበት ሲደነቅላት የቆየች ወጣት ሰፈሯን በተናገረች ቅጽበት፣ ጥርት ባለው ፊቷ ላይ የሌለ ምልክት ይፈለግባታል፤ ለጋብቻ ዘር የሚቆጥሩ ዘመዶችም ያንን ምልክት በእርግጥ ያዩ ይመስላቸዋል፤ ከሁሉም የሚከፋው ግን እርሷ ራሷ በመስታወት መፈለግ መጀመሯ ነው። በሽታው በዘር አይተላለፍም። ኖርዌያዊው ሐኪም አርማወር ሃንሰን እ.ኤ.አ. በ1873 መንስኤው ባክቴሪያ መሆኑን አግኝቷል፤ ዛሬም በነፃ በሚሰጡና ከ6 እስከ 12 ወር በሚወሰዱ መድኃኒቶች ይድናል።