«ጥቁር» የሚለው ሳጥንና የእኛ ልጆች

የዩናይትድ ስቴትስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. ጁን 29 ቀን 2023 በሃርቫርድና በሰሜን ካሮላይና ዩኒቨርሲቲዎች ክርክር ላይ በሰጠው ውሳኔ፣ ኮሌጆች ተማሪ ሲመርጡ የአመልካቹን ዘር መመዘኛ እንዳያደርጉ ከልክሏል። ከዚያ ወዲህ በዋሽንግተን ዙሪያ በምንኖር ሐበሾች መካከል ጉዳዩ በተነሣ ቁጥር አንዱ ወገን «ልጆቻችን የሚገቡት በጉብዝናቸው ነው፤ ምን አገባን?» ሲል፣ ሌላው «በር ተዘጋብን» ብሎ ያዝናል። ያ በር መጀመሪያ የተከፈተው ለማን እንደነበር ግን ሁለቱም ወገኖች ሲጠይቁ አልሰማሁም።

የተከፈተው ለእኛ ተብሎ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ ለሲቪል መብት የታገሉት፣ የተደበደቡትና የታሰሩት የባሪያዎች የልጅ ልጆች ናቸው፤ ኮሌጆችም ጥቁር ተማሪ መፈለግ የጀመሩት በዚያ ትግል ግፊት ነው። ይሁንና እ.ኤ.አ. በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በካሊፎርኒያ ዴቪስ የሕክምና ትምህርት ቤት ከ100 ቦታዎች 16ቱን ለአናሳ ወገኖች የሚለየውን ኮታ ሲሽር፣ ዘርን ከብዙ ነገሮች እንደ አንዱ ማየት የተፈቀደው ለታሪክ በደል ካሣ ሆኖ ሳይሆን በግቢው ውስጥ ብዝኃነት እንዲኖር በሚል ምክንያት ብቻ ነበር። በእኔ እምነት ነገሩ የተጣመመው እዚያ ላይ ነው። ዓላማው ብዝኃነት ከሆነ፣ የሚሲሲፒ ጥጥ ለቃሚ የልጅ ልጅና ወላጆቹ ትናንት በዲቪ የመጡ የአዲስ አበባ ልጅ ለመዝጋቢው እኩል ናቸው፤ ሁለቱም በማመልከቻው «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ላይ ምልክት ያደርጋሉ።

ይህን በይፋ ያነሡት የራሱ የሃርቫርድ ጥቁር ምሁራን፣ ላኒ ጊኒየርና ሄንሪ ሉዊስ ጌትስ፣ ነበሩ። በ1996 ዓ.ም. አካባቢ (እ.ኤ.አ. በ2004) በዩኒቨርሲቲው ከሚማሩት ጥቁሮች አብዛኞቹ የካሪቢያንና የአፍሪካ ስደተኞች ወይም የስደተኞች ልጆች፣ በጥቂቱም የቅይጥ ጋብቻ ልጆች መሆናቸውን ተናግረዋል። በእኛ ሰፈር ይህ ወሬ ሲነሣ ቅር የሚለው ሰው ብዙ ነው፤ ሌሊት ታክሲ እየነዳ፣ ቀን ፓርኪንግ እየጠበቀ ልጅ ላስተማረ አባት «የተሰጠህ ነው» ማለት ስድብ ይመስላልና። እኔም የልጆቻችንን ድካም አላቃልልም። ሆኖም ዲቪ ራሱ ቢያንስ 12ኛ ክፍል የጨረሰ ወይም ሙያ ያለው ሰው ይፈልጋል፤ ብዙዎቹ ባለታክሲዎቻችን አገር ቤት ዲግሪ የነበራቸው ናቸው። ድሃ ሆነው ቢመጡም ልጃቸው ኮሌጅ ስለ መግባቱ ለአፍታ አይጠራጠሩም፤ ይህም ትልቅ ሀብት ነው።

ውሳኔው ግን ዘርን ከማመልከቻው ፈጽሞ አላስወጣም። የፍርድ ቤቱ ፕሬዚዳንት ጆን ሮበርትስ በጻፉት ፍርድ፣ አመልካቹ ዘሩ ሕይወቱን እንዴት እንደነካው በድርሰቱ ቢገልጽ ኮሌጁ ከግል ጥንካሬው ጋር አያይዞ ሊያየው እንደሚችል ተፈቅዷል። ውጤቱን በቅርብ አይቼዋለሁ። የአንድ ወዳጄ ልጅ ከ650 ቃላት መብለጥ የሌለበትን ድርሰቷን መጀመሪያ የጻፈችው ስለ ሮቦት ክበቧ ነበር፤ አማካሪዋ «ስለ ማንነትሽ ብትጽፊስ?» ሲላት ለውጣ፣ ሱቅ በገባች ቁጥር ጥበቃው ከኋላዋ ስለሚከተላት ጻፈች። አባቷ አንብቦ ሲጨርስ «ልጄ፣ ይህ ሁሉ ሲሆን ምነው ሳትነግሪን?» አላት። «አባዬ፣ ሁልጊዜ እኮ ነው፤ ምኑ ይነገራል?» አለችው። ድርሰቱ ጥሩ ነበር፤ የሮቦቱ ግን ይበልጥ እሷን ይመስል ነበር።

የእስያ ተወላጆች ተበድለዋል ብለው ሃርቫርድን የከሰሱትን ሰዎች ቅሬታ ከንቱ አልለውም። ሃርቫርድ ለእስያ ተወላጆች በ«ግል ባሕርይ» መለኪያ ከሌሎች ዝቅ ያለ ነጥብ ይሰጥ እንደነበር በችሎቱ ታይቷል፤ ልጁን አግኝቶት የማያውቅ ሰው ስለ ባሕርዩ ነጥብ ሲሰጥ አድልዎ ቢጠረጠር አይገርምም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። በዚያው ክርክር የወጣውን መረጃ የመረመሩ የምጣኔ ሀብት ባለሙያዎች፣ ወደ ሃርቫርድ ከገቡት ነጮች ከ43 በመቶ በላይ የሚሆኑት ስፖርተኞች፣ የቀድሞ ተማሪዎች ልጆች፣ የመምህራንና የሠራተኞች ልጆች ወይም ከለጋሾች ጋር ንክኪ ያላቸው መሆናቸውን አሳይተዋል፤ በጥቁር፣ በላቲኖና በእስያ ተወላጆች ዘንድ ይህ ድርሻ ከ16 በመቶ በታች ነው። የቆዳ ቀለም ሲታገድ የአባት ስም አልታገደም። እኔ የምኖርበት ሜሪላንድ በ2024 የቀድሞ ተማሪዎችንና የለጋሾችን ልጆች ማስቀደምን በመንግሥትም በግልም ኮሌጆች በሕግ ከልክሏል፤ እንዲህ ያደረጉት ግዛቶች ግን ጥቂት ናቸው።

ከውሳኔው በኋላ በ2024 መኸር በገቡት ተማሪዎች መካከል የጥቁሮች ድርሻ በኤም አይ ቲ ከ13 ወደ 5 በመቶ፣ በአምኸርስት ኮሌጅ ከ11 ወደ 3 በመቶ ሲወርድ፣ በዬል 14 በመቶ ላይ ረግቷል። ከጥቁሮቹ መካከል የገቡት እነማን እንደሆኑ ከእነዚህ ቁጥሮች አይታወቅም። በዚያው ዓመት የፌዴራሉ መንግሥት ባወጣው አዲስ የዘር መጠይቅ ደንብ ግን «ጥቁር» በሚለው ሥር አፍሪካዊ አሜሪካዊ፣ ጃማይካዊ፣ ሄይቲያዊ፣ ናይጄሪያዊ፣ ኢትዮጵያዊና ሶማሊያዊ የሚሉ ዝርዝር ሳጥኖች ተካተዋል። ኮሌጆች በዚህ ዝርዝር ቆጥረው ይፋ ቢያደርጉ፣ «የጥቁር ተማሪዎቻችን ቁጥር አልቀነሰም» የሚለው ተቋም የማንን ልጆች ቆጥሮ እንደሆነ ይታይ ነበር፤ የእኛ ድርሻ ከሌላው በዝቶ ቢገኝም፣ እኔ ዝርዝሩ እንዲወጣ እፈልጋለሁ።