ላዳ ያስተማረኝና ላዳ ያሳሳተኝ፤ የአንድ ፊያት 124 ስፓይደር እድሳት ማስታወሻ

በዚህ ማስታወሻ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። መኪናዋ በ1978 የተሠራች ፊያት 124 ስፖርት ስፓይደር ስትሆን፣ የገዛኋት በሐምሌ ወር 2006፣ በቨርጂኒያ ሸናንዶዋ ሸለቆ ውስጥ ከሚገኝ አንድ የእርሻ መጋዘን፣ በ1,900 ዶላር ነበር። ሻጩ 11 ዓመት ሙሉ ከቦታዋ እንዳልተነቃነቀች ነግሮኛል። ጎማዎቿ ተንፍሰው በቸርኬዋ ቆማለች፣ የሸራ ጣሪያዋን አይጥ በልቶታል፣ የኋላ የዕቃ ማስቀመጫዋ ወለል ላይ ደግሞ ውሃ አቁሯል። እንዲህ ያለችውን መኪና ልብ ያለው ሰው አይገዛም። እኔ ግን ኮፈኗን ሳልከፍት ከፊት ጎማዋ ሥር በጀርባዬ ተኝቼ ወደ ላይ ተመለከትኩና ለመግዛት ወሰንኩ፤ ምክንያቱም እዚያ ያየሁት ብረት ሁሉ ከልጅነቴ ጀምሮ የማውቀው ነበር።

አባቴ በአዲስ አበባ ከ20 ዓመት በላይ ላዳ ታክሲ ነድቷል። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ መኪናውን በክሪክ አንሥቶ ከሥሯ ሲገባ፣ የእጅ ባትሪ የማበራለትና ቁልፍ የማቀብለው እኔ ነበርኩ። ሶቪየቶች በቶሊያቲ ከተማ ከ1970 ጀምሮ ያመረቷት የመጀመሪያዋ ላዳ፣ በ1967 የአውሮፓ የዓመቱ መኪና ተብላ ከተመረጠችው ከፊያት 124 የተቀዳች ናት። ስፓይደሯም ከዚያችው መኪና የወጣች ስትሆን፣ አካሏን ፒኒንፋሪና ነድፎ በኅዳር 1966 በቱሪን የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ ቀርባለች። አንዷ ለሥራ፣ ሌላዋ ለሽርሽር የተላኩ የአንድ ቤት ልጆች ናቸው ማለት ይቻላል። ስለዚህ ከመጋዘኑ በተጎታች ጭኜ እዚያው ቨርጂኒያ ውስጥ ወደምትገኘው አሌክሳንድርያ ስመለስ መኪናዋን ገና ሳልነካት የማውቃት መስሎኝ ነበር፤ ያ እውቀት በአንዳንድ ቦታ ዓመታት ሲቆጥብልኝ፣ በሌላ ቦታ ደግሞ ዓመታት አባክኖብኛል።

በቆጠበልኝ ልጀምር። የፊት እግሯ አሠራር፣ ማለትም ከላይና ከታች ያሉት ሁለት ክንዶችና በመካከላቸው የተቀመጠው ሞላ፣ ከላዳው ጋር እጅግ ስለሚመሳሰል መጽሐፍ ሳልገልጥ ፈታሁት። ጎማው የሚታሰርባቸው አራት ቡሎኖች የተደረደሩበት ክብ እንኳ በሁለቱም ላይ 98 ሚሊሜትር ነው። ከሁሉ የገረመኝ ግን የቋንቋው ነገር ነው። ከመኪናዋ ጋር የተሰጠኝ የመለዋወጫ ዝርዝር በጣሊያንኛ የተጻፈ ነበር፤ እኔ ጣሊያንኛ አልችልም፤ ሆኖም ካንዴላ፣ ቴስታታ፣ ጓርኒሲዮን፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ማርሚታ፣ ሞተሪኖ እያልኩ ገጾቹን ያለ መዝገበ ቃላት አገላበጥኳቸው። አሜሪካዊው ጎረቤቴ ይህን ሲያይ በጣሊያን የተማርኩ መስሎት ነበር። የተማርኩት አባቴ እሑድ እሑድ መኪናውን በሚሠራባት ጠባብ ግቢያችን ውስጥ ነው።

አሁን ወዳሳሳተኝ ልለፍ። የመጀመሪያው ስሕተቴ ሥራውን ከሞተሩ መጀመሬ ነበር። አዲስ አበባ ውስጥ መኪና የሚያስቸግረው በሞተሩና በእግሩ ነው፤ መንገድ ላይ ጨው የሚበትን የለም፣ የላዳ ላሜራም ሶቪየቶች ለራሳቸው መንገድና ክረምት ሲሉ ከፊያቷ ይልቅ ያወፈሩት በመሆኑ፣ አባቴ በዝገት ምክንያት እንቅልፍ ሲያጣ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ ዝገቱን አየሁት፣ ግን አልፈራሁትም። ካንዴላዎቹን አውጥቼ በየሲሊንደሩ ጥቂት ዘይት ጨመርኩና አንድ ሳምንት አቆየሁት፤ ከዚያ ኮሎውን፣ ማለትም ፒስቶኖቹ የሚያዞሩትን የሞተሩን ዋና ዘንግ፣ በቁልፍ ይዤ በእጄ ቀስ ብዬ አዞርኩት፤ ሲላቀቅልኝ ዘይቱንና ፊልትሮውን ቀየርኩ። ታንከሩ ውስጥ የቀረው ቤንዚን ወደ ሙጫነት ተለውጦ ስለነበር ታንከሩን አውርጄ አጠብኩ፤ ባለ ሁለት አፍ ቬበር ካርቡራቶሩንም ፈታትቼ አጸዳሁ። ባለ 1756 ሲሲው ሞተር በመስከረም መጨረሻ ላይ ተነሣ። ቆሞ ለኖረ ሞተር ይህን ሥርዓት ዛሬም አልቀይረውም፤ በተለይ በእጅ ሳያዞሩ በሞተሪኖ ለማስነሣት መሞከር በደረቀ የፒስቶን ቀለበት ሲሊንደር ማስፋቅ ነው። የምቀይረው ቅደም ተከተሉን ነው። ሞተሩ እንደ ተነሣ የመንዳት ጉጉት ያዘኝና የቀረው ሁሉ በልቤ ውስጥ ትንሽ ሆኖ ታየኝ።

ፍሬኑ ሁለተኛው ወጥመድ ሆነ። አባቴ ያሳደገኝ ላዳ ከኋላ የሚይዘው በከበሮ ነው፤ ስፓይደሯ ግን በአራቱም እግር ላይ ዲስክ አላት፣ የእጅ ፍሬኑም የኋላውን ፒስቶን ከውስጥ በጥርስ ይዞታል። አዲስ የፍሬን ሸራ ለማስገባት ፒስቶኑን እንደ ፊተኛው በመጭመቂያ ብረት ገፋሁት፤ አልገባ ሲለኝ ጨመርኩበት፤ ውስጡ ያለው ጥርስ ተሰበረ። የኋላው ፒስቶን የሚገባው እየተገፋ በሰዓት አቅጣጫ ሲዞር ብቻ መሆኑን የተረዳሁት ከዚያ በኋላ ነው። በ140 ዶላር የገዛሁት ትምህርት ነው፤ እንዲህ ያለ ፍሬን ያላችሁ በነጻ ውሰዱት።

ከፍሬኑ የባሰው የሞተሩ ቺንጊያ ነው። በፌራሪ ቤት ይሠራ የነበረው ኢንጂነር አውሬሊዮ ላምፕሬዲ ለፊያት የነደፈው ይህ ሞተር፣ ከላይ ያሉትንና ቫልቮቹን (የሲሊንደሩን መግቢያና መውጫ በሮች) የሚከፍቱትን ሁለት የካም ዘንጎች የሚያዞረው ጥርስ ባለው የጎማ ቺንጊያ ነው። ላዳው ላይ ግን ያው ሥራ በሰንሰለት ይከናወናል። አባቴን በስልክ ስጠይቀው፣ «ካልጮኸ አትንካው» አለኝ፤ ለሰንሰለት ትክክለኛ ምክር ነው፣ ሰንሰለት ሲያረጅ ይንኳኳልና። ቺንጊያ ግን አይጮኽም። እስከሚበጠስበት ቅጽበት ድረስ ዝም ይላል፣ ሲበጠስም ቫልቮቹን ሊያጣምም ይችላል። እኔ ዕድሜው በማይታወቅ ቺንጊያ ሁለት የበጋ ወራት ነድቻለሁ። በ2008 ሽፋኑን ከፍቼ ሳየው ጥርሶቹ ሥር ሥሩን ተሰነጣጥቀው ነበር፤ ጣቴን ሳሳርፍበት አንዱ ጥርስ እንደ ደረቀ ዳቦ ቅርፊት ተነሣ። ያን ዕለት ማታ አልነዳኋትም፣ በማግሥቱም አልነዳኋትም። አሁን ቺንጊያውን ከነመወጠሪያ ኩሽኔታው በየአራት ዓመቱ፣ ብነዳም ባልነዳም፣ እቀይረዋለሁ፤ የቀየርኩበትን ቀንም በሽፋኑ ላይ በቀለም እጽፋለሁ።

ያኔውኑ የቫልቭ ክፍተት ልለካ ስል እንደገና ላዳ ፈለግሁ። ላዳው ላይ በየቫልቩ ቡሎንና ማጥበቂያ ዳዶ አለ፤ 0.15 ሚሊሜትር ስስ ብረት አስገብቶ ማስተካከል ነው። ላምፕሬዲ ግን ቡሎን አላስቀመጠም። በካሙና በቫልቩ መካከል ክብ የብረት ሳንቲም የሚመስል ዝርግ አለ፤ ክፍተቱ ከጠበበ ቀጭን፣ ከሰፋ ወፍራም ዝርግ ይተካበታል፣ ደግነቱም የካም ዘንጉን ማውረድ ሳያስፈልግ ከላይ መለወጡ ነው። መጀመሪያ ሳየው ሰውን ለማስቸገር የተሠራ መስሎኝ ነበር። ስምንቱን ለክቼ፣ ጽፌ፣ የሚለወጡትን ሦስቱን አዝዤ ካስተካከልኩ በኋላ ግን 9 ሺህ ማይል ነድቼ ስለካ ከአንዱ በቀር አንዳቸውም አልተነቃነቁም። ከቡሎኑ ይልቅ ይህን እመርጣለሁ፤ አባቴ ግን አሁንም አይስማማም።

ከ2009 እስከ 2014 ያሉት ዓመታት የዝገት ዓመታት ናቸው። የጀመረውም በአጋጣሚ ነው። የፊት ግራ ሾኳን፣ ማለትም የሞላውን ንዝረት የሚያበርደውን ዘንግ፣ ልቀይር የላይኛውን ዳዶ ስፈታ፣ ሾኩ የሚታሰርበት የላሜራ ማማ ከሥሩ በካቻቪቴ ተበሳ። እዚያ ማማ ላይ የሚታሰረው ሾኩ ብቻ አይደለም፤ የላይኛውን ክንድ የሚይዘው ረጅም ቡሎንም የሚያልፈው በዚያው ነው። ያ ላሜራ ሲለቅ ጎማው ወደ ውስጥ ይወድቃል። በሰዓት 65 ማይል እየነዳሁ ቤተሰቤን ያሳፈርኩባት መኪና ይህች ነበረች። በዚህ ሞዴል ላይ ማማዎቹ የሚዝጉበት ምክንያትም ቀላል ነው፤ ጎማው የሚወረውረው ጭቃና ጨው ከማማውና ከውስጥ ፓራፋንጎው መጋጠሚያ ውስጥ ገብቶ መውጫ ያጣል፣ እርጥቡን እንደያዘ ከውስጥ ወደ ውጭ ይበላዋል፤ ከውጭ ሲታይ ቀለሙ ገና ሙሉ ነው። ስፓይደር ልትገዙ ከሆነ ኮፈኑን ከመክፈታችሁ በፊት እዚያ ቦታ በጣታችሁ ተጫኑ፤ ሞተሩ ባይነሣ ሞተር ይገኛል።

ሥራውን መጀመሪያ ለባለሙያ ሰጠሁ። አንድ የአካል ጥገና ጋራዥ ስድስት ሳምንት አቆይቶ፣ በሚያምር ቀለም ቀብቶ መለሰልኝ። በቀጣዩ የጸደይ ወቅት ቀለሙ ሲሰነጠቅ ቆፍሬ ያገኘሁት ስቱኮና ከሥሩ የተለጠፈ የሽቦ ወንፊት ነበር። ተናደድኩ፣ ገንዘቤንም አላገኘሁም። ከዚያ በኋላ ነው በአንድ የማኅበረሰብ ኮሌጅ የማታ ክፍል ገብቼ ብየዳ የተማርኩት። ወፍራም ብረት መበየድ በሁለት ሳምንት ይለመዳል፤ ከአንድ ሚሊሜትር የሚያንስ የመኪና ላሜራ ግን እሳቱ አንድ ሰከንድ ሲበዛበት ይቀዳዳል፣ መስመሩን በአንድ ትንፋሽ ልጨርስ ስትሉ ደግሞ እንደ ሞቀ ፕላስቲክ ይጣመማል። መላው አንድ ነጥብ በይዶ፣ ርቆ ሌላ ነጥብ መበየድ፣ በእጅ እስኪነካ ድረስ እንዲበርድ መጠበቅና ተመልሶ መካከሉን መሙላት ነው። ለአንድ ማማ አራት ቅዳሜ ፈጀብኝ።

ከማማዎቹ ቀጥሎ በበሮቹ ሥር ወዳሉት ደፎች ሄድኩ፤ እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ እላለሁ። ጣሪያ የሌላት መኪና የምትቆመው በእነዚያ ደፎች ጥንካሬ ነው። ከመቁረጤ በፊት በበሩ ክፍተት ላይ ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ ድረስ ብረት በይጄ ደገፍኳት፤ አራቱንም ጫፍ በደረጃ መለኪያ አስተካክዬ አሳረፍኳት፤ በሩንም በየዕለቱ ከፍቼ እየዘጋሁ ክፍተቱ መቀየር አለመቀየሩን አረጋገጥኩ። ይህን ያላደረገ አንድ የማውቀው ሰው ሥራውን ሲጨርስ በሩ አልዘጋለት ብሏል። እኔም በቀኝ በኩል በችኮላ አንዱን ድጋፍ ቀድሜ በማንሣቴ የቀኙ በር ዛሬም ከላይ ሦስት ሚሊሜትር ጠበብ ይላል፤ ማንም አያየውም፣ እኔ ግን በከፈትኩት ቁጥር አየዋለሁ።

አባቴ በ2015 ሊጠይቀን መጣ። ሻንጣውን ሳያስፈታ ወደ ጋራዡ ሄዶ መነጽሩን አደረገ፣ ካርቶን አንጥፎ ከፊት ጎማዋ ሥር ገባ። «ይቺ ላዳ ናት» አለ። ወጥቶ ኮፈኗን አስከፈተኝና ሁለቱን የካም ሽፋኖች ዘለግ ላለ ጊዜ ሲያይ ቆየ። «ይቺ ደግሞ ላዳ አይደለችም።» ከዚያም መብራት አብራ አለኝ። በዚያን ጊዜ የፊት መብራቶቿ ደካሞች ነበሩ፤ እኔም አምፖል፣ ዲናሞ፣ በመጨረሻም ማብሪያ ማጥፊያውን ቀይሬ ለውጥ አላገኘሁም ነበር። «ማሳውን አይተኸዋል ወይ?» አለኝ። አላየሁትም። በልጅነቴ መቶ ጊዜ የሰማሁት ቃል ነው፣ ኤሌክትሪክ ሲያስቸግር መጀመሪያ ማሳ፤ ማሳ የምንለው ኤሌክትሪኩ በመኪናዋ አካል በኩል ወደ ባትሪው የሚመለስበትን ግንኙነት ነው። የዚህች መኪና ባትሪ ያለው ከኋላ በዕቃ ማስቀመጫው ውስጥ ስለሆነ ኤሌክትሪኩ ወደ ፊት ሲሄድም ሲመለስም መንገዱ ረጅም ነው፤ ውሃ ባቆረው ወለል ላይ የታሰረው የማሳ ሽቦ ደግሞ አረንጓዴ ሆኗል። በባትሪው ኔጌቲቭና በፊት መብራቱ ማሳ መካከል በመለኪያ ስንለካ፣ ከጥቂት አሥረኛ ቮልት ማለፍ ያልነበረበት 1.8 ቮልት ወጣ። ፈግፍገን፣ አዲስ ሽቦ አስረን፣ ቅባት ቀባነው፤ 40 ደቂቃ ሥራ ነው። በኋላ እኔ የጨመርኩት ሪሌ፣ ማለትም ኃይሉን በቀጥታ ከባትሪው ለመብራቱ የሚያቀብል በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ፣ ብቻ ነው፤ ምክንያቱም በዚህ ሞዴል የመብራቱ ኃይል በሙሉ በቁልፍ ማስነሻው በኩል ስለሚያልፍ እሱን ያቃጥለዋል።

ስለ ቀለሙ፣ ስለ ወንበሩና ስለ ጣሪያው ሸራ ብዙ የምለው የለኝም፤ ገንዘብ የሚጠይቁ እንጂ ማሰብ የሚጠይቁ ሥራዎች አይደሉም፣ በ2016 እና በ2017 ተጠናቀዋል። ሰሌዳዋ ከ25 ዓመት በላይ ላለፋቸው መኪኖች የሚሰጠው የቨርጂኒያ ጥንታዊ ሰሌዳ በመሆኑ ዓመታዊ የደኅንነት ምርመራ አይመለከታትም። ብዙ ሰው ይህን እንደ ጥቅም ይቆጥረዋል፤ እኔ ግን ያንን ማማ ካየሁ በኋላ በየዓመቱ ጥቅምት ላይ አንሥቼ፣ አራቱንም ጎማ አውልቄ፣ የበየድኩትን ሁሉ በመዶሻ እጀታ እየነካካሁ የምመረምርበትን ዝርዝር ለራሴ አዘጋጅቻለሁ። በሳምንት አንድ ጊዜ፣ ዝናብና ጨው በሌለበት ቀን፣ ቢያንስ 20 ማይል እነዳታለሁ፤ ከዚያ ወዲህ የፍሬን ፒስቶን ተጣብቆብኝ አያውቅም።

አሁን የቀረኝ ካምቢዮው ነው። ጠዋት በብርድ ከመጀመሪያ ወደ ሁለተኛ ማርሽ ስቀይር ይፈጫል፤ ከአምስት ማይል በኋላ ይተወዋል። ድምፁን ቀድቼ ለአባቴ ላክሁለት፣ እሱም የላዳው ሁለተኛ ማርሽ እንዲሁ ይል እንደነበር፣ ዘይቱን ቀይሮ ሌላ 10 ዓመት እንደነዳው ነገረኝ። ዘይቱን ቀየርኩ፤ ትንሽ ተሻለ። የሁለተኛ ማርሹን የመናበቢያ ቀለበት ግን አዝዤ በመደርደሪያው ላይ ካስቀመጥኩ ሁለት ወር ሆኖኛል፤ ላዳ በዚህኛው ያስተማረኝ ይሁን ያሳሳተኝ ለማወቅ የሚቀጥለውን ጥር እየጠበቅሁ ነው።