ጳጉሜ 6 እና ስም የለሹ ብራንች

ሰኞ ጳጉሜ 6 ቀን 2015 ጠዋት፣ ለአንድ የቁጠባና ብድር ተቋም የሠራነው ሲስተም ክፍያ አልቀበልም አለ። የአንዱ ቅርንጫፍ ኃላፊ ደውለው «ልጄ፣ ሲስተማችሁ ዛሬ እንቁጣጣሽ ነው ይላል፤ ሰዉ ግን ዕዳውን ሊከፍል ተሰልፏል» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ፕሮግራሙ ጳጉሜን በአምስት ቀን ዘግቶ መስከረም 1 ቀን 2016 ገብቷል፤ መስከረም 1 ደግሞ በበዓላት ሰንጠረዡ ውስጥ ዝግ ነው።

የሚያበሳጨው፣ ስህተቱ ነሐሴ ላይ ተገኝቶ የተስተካከለ መሆኑ ነው። ጂራ በተባለው የሥራ መከታተያ ላይ ትኬቱ (የሥራው መዝገብ) «ተጠናቋል» ይላል። የፈተሸችው ባልደረባችንም በዓይኗ አይታ ነው ያጸደቀችው። ታዲያ ማስተካከያው የት ገባ?

ኮዱን ስንከፍት «ዴት-ፊክስ»፣ «ዴት-ፊክስ-2»፣ «ኒው-ዴት»፣ «ዴት-ፋይናል» የሚባሉ ብራንቾች (ለየብቻ የሚሠራባቸው የኮዱ ቅርንጫፎች) ተደርድረዋል። ለደንበኛው ወደ ወጣው ሪሊዝ የገባው የመጀመሪያው ነበር። እሱ ደግሞ ጳጉሜ ስድስት ቀን የምትሆንበትን ዓመት የሚለየው የፈረንጆቹን ዓመት ለአራት አካፍሎ ነው፤ 2023 ለአራት እኩል ስለማይካፈል አምስት ቀን ሰጠ። ትክክለኛው ስሌት የእኛን ዓመት ለአራት አካፍሎ ቀሪው 3 መሆኑን ማየት ነው፤ የ2015 ቀሪ 3 ነው። ፈታሿ ያየችው ይህን ያረመውን ኮድ ነበር። ግን የትኛው ብራንች ላይ? የጻፈው ልጅ ለበዓል ቤተሰቦቹ ዘንድ ገጠር ሄዷል፤ ስልኩ አይሠራም። ትኬቱ ላይ የብራንች ስም የለም። የኮሚት (የተመዘገበ የኮድ ለውጥ) መልእክቶቹም «ተስተካክሏል»፣ «አሁን ይሠራል» ከማለት አያልፉም።

የኮድ ለውጦችን በምንመዘግብበት በጊት ላይ ብራንች ማለት አንድን ኮሚት የሚጠቁም ምልክት ብቻ ነው። ኮሚቱ ራሱ በየትኛው ብራንች ላይ እንደተሠራ አይመዘግብም። ስለዚህ ስሙ ካልነገረን፣ መልእክቱም ካልነገረን፣ የቀረን ኮዱን ራሱን መፈለግ ነበር። ወደ ዋናው ብራንች ያልተቀላቀሉትን ለይተን አወጣን፤ ከዚያ የቀን መቀየሪያው ፋይል ላይ ለውጥ ያደረጉትን አንድ በአንድ አነበብን። «ኒው-ዴት» ውስጥ ተገኘ። «ፋይናል» የተባለው ያላለቀ ሙከራ ነበር። ማስተካከያው አንድ መስመር ነው፤ ተሰላፊዎቹ ግን እኛ ያንን መስመር እስክናገኝ ፀሐይ ላይ ቆመዋል። ይህ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከበዓሉ በኋላ ተቀምጠን ተነጋገርን። አንድ ባልደረባችን «ብራንች ከዋናው ጋር ሲቀላቀል (መርጅ ሲደረግ) እናጠፋዋለን፤ ለሚጠፋ ነገር ስም መጨነቅ ለምን?» ብሎ ተከራከረ። ክርክሩ ትክክል ነበር፤ የረዳንም እሱ ነው። ብራንቹ ስለሚጠፋ የትኬቱ ቁልፍ (መለያው) ኮሚቱ ላይ መቅረት አለበት። ስለዚህ ብራንቹን «ባግ/ሎን-214-ጳጉሜ-6» በሚል መልክ እንሰይማለን፤ መጀመሪያ የሥራው ዓይነት፣ ቀጥሎ የትኬቱ ቁልፍ፣ ከዚያ አጭር መግለጫ። ኮሚት ሲደረግ ደግሞ በራሱ የሚነሳ ትንሽ ፕሮግራም (የጊት ሁክ) ቁልፉን ከብራንቹ ስም አንብቦ መልእክቱ መጀመሪያ ላይ ይጨምረዋል። ጂራ ከጊት ጋር ሲያያዝ ቁልፉን አይቶ ብራንቹንና ኮሚቶቹን ትኬቱ ውስጥ ያሳያል። ቁልፉ የሚጻፍባቸው የእንግሊዝኛ ፊደላት ግን ካፒታል መሆን አለባቸው፤ በትንንሽ ፊደል ከተጻፉ ማያያዣው አይሠራም፣ ሰዎችም ለምን እንደማይታያቸው ግራ ይገባቸዋል።

ሌላም ያደናቀፈን ነገር ነበር። «ባግ» ብቻ የሚባል አሮጌ ብራንች ስለነበረ ጊት «ባግ/» ብሎ የሚጀምር አዲስ ስም አልቀበልም አለ። ጊት ብራንቾችን እንደ ፋይል ስለሚያስቀምጥ አንድ ስም ፋይልም ፎልደርም ሊሆን አይችልም። አሮጌውን ስናጠፋ ተፈታ።

አሁንም ያልተስማማንበት ትኬት የሌለው ጥቃቅን ሥራ ነው። ለአንድ የፊደል ግድፈት ትኬት መክፈት ያደክማል የሚሉ አሉ። እኔ ይከፈት ባይ ነኝ፤ የደንበኛ ገንዘብ ወይም ቀን የሚነካ ከሆነ ደግሞ ያለ ትኬት የመጣውን ለውጥ ሪቪው (የኮድ ፍተሻ) ላይ አላሳልፍም።