ማዘር፣ ሒሳብ!

ሰው አከራዩ ፊት አፉን ሞልቶ ሊናገረው የማይገባ አንድ ቃል ቢኖር «ሒሳብ» ነው። የሁለት ወር ኪራይ ካለበትማ ጭራሽ። እኔ ግን አልኩት። ያውም እጄን ዘርግቼ። ሦስት ሳምንት ሆነው፤ አሁንም ሌሊት ትዝ ሲለኝ ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ስቤ እሸፈናለሁ።

አራት ልጆች ነን። አንዲት ሰርቪስ ክፍል ተከራይተን የቪአር ጌም፣ ማለትም ዓይን የሚሸፍን መነጽር አጥልቀህ ውስጡ የገባህ የሚመስልህን ጨዋታ፣ እንሠራለን። ጌሙ የታክሲ ረዳት ያደርግሃል። መነጽሩን ታጠልቃለህ፣ ሚኒባሱ በር ላይ ትቆማለህ፣ «ፒያሳ! ፒያሳ በአራት ኪሎ!» ትላለህ፣ ሒሳብ ትሰበስባለህ። በስድስት ወር የሚያልቅ መስሎን ነበር። ሁለት ዓመት አለፈን።

መነጽሩ አንድ ነው። የአንዳችን አክስት ከአሜሪካ ስትመጣ በሹራብ ጠቅልላ ያመጣችልን ኩዌስት 2። ሥዕል የምትሠራው ልጅ ሹሩባ የተሠራች ሰሞን ማሰሪያው እምቢ ይላታል፤ ያን ሳምንት ፈቃድ እንደወጣች እንቆጥራለን። ድምፅ የሚሠራው ደግሞ ታክሲው ገና ሲነሳ ያቅለሸልሸዋል። ዓይኑ «እየሄድን ነው» ይለዋል። የውስጥ ጆሮው «ኧረ ቆመናል» ይለዋል። ሁለቱ ሲጨቃጨቁ ጨጓራው ይወስናል። ባልዲ ገዝተናል።

ብዙ ጌም ሠሪዎች ከዚህ የሚያመልጡት ተጫዋቹን ከቦታ ቦታ እልም እያደረጉ ነው። እኛም ሞከርነው። ከመገናኛ እልም፣ ፒያሳ ከች። ያየው ሁሉ ወደደው። ታክሲ ነው ብሎ ያመነ ግን አልተገኘም።

የባሰው ትርፍ መጫን ነው። መነጽሩ በትንሹ በሰከንድ 72 ምስል ይፈልጋል፣ ያውም ለሁለት ዓይን። አንዱን ምስል ለመሥራት ያለን ጊዜ 14 ሚሊሰከንድ አይሞላም። ሰባት ተሳፋሪ እስክንጭን ሰላም ነው። ስምንተኛው እግሩን ሲያነሳ ምስሉ ይንቀጠቀጣል፣ ባልዲው ይጠራል። በሰባት ሰው የሚሄድ የአዲስ አበባ ታክሲ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ትራፊክ ያቃተውን ጥፍር የምታክል ቺፕ ቻለችው።

ወደ ውርደቴ ልመለስ።

የዚያን ቀን ኮድ የሚጽፈው ልጅ ሁለት ነገር ቀይሮ ነበር። አንደኛ፣ መቆጣጠሪያውን አስጥሎ ጨዋታውን በባዶ እጅ አደረገው፤ መነጽሩ ላይ ያሉት ካሜራዎች ጣትህን ያነባሉ። ሁለተኛ፣ የተሳፋሪው ድምፅ ከተቀመጠበት አቅጣጫ እንዲመጣ አደረገ። ክፍሏ ስለምትጠብ «ግድግዳ ልትመታ ነው» የሚለውን የመነጽሩን የድንበር ማስጠንቀቂያ ካጠፋነው ቆይተናል። በሩ ለአየር ብለን ክፍት ነው። እኔ ውስጥ ነኝ።

«የሞላ! ሁለት ሰው የሞላ!» እያልኩ በግራዬ በኩል የአንዲት እናት ድምፅ ጥርት ብሎ መጣ። «ልጄ፣ የዚያን የኪራዩን ነገር ልጠይቅህ ነበር።»

ወይ እድገት! ትንፋሹ ሁሉ ይሰማል። ሰበብ የሚያበዛ ተሳፋሪ ከጨመረ ግን ሊያማክረኝ ይገባ ነበር ብዬ ትንሽ ቅር አለኝ። ቢሆንም ገባሁበት።

«ጠጋ በይ ማዘር! ሒሳብ!»

ጠጋ በይ። እኚህን ሴት በሁለት ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ከ«እርስዎ» ዝቅ ብዬ አላውቅም።

ዝም ተባለ። ከዚያ መዳፌ ላይ ወረቀት አረፈ።

እዚህ ላይ ፍርዱን ለእናንተ እተዋለሁ። በባዶ እጅ ስትጫወት የምትይዘው ነገር አይሰማህም። ካሜራ ያያል እንጂ አይነካህም። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በ2014 የቪአር መነጽር ሠሪውን ኦኩለስን ለመግዛት ያወጣው 2 ቢሊዮን ዶላር እንኳ ይህን አላመጣም። እኛ ግን፣ በሰርቪስ ክፍል፣ መብራት በሚጠፋበት ሰፈር!

«ተሰማኝ!» ብዬ ጮህኩ። «ብሩ ተሰማኝ! እንዴት አደረግከው?» ወረቀቱን አሸሁት። ተንኮሻኮሸ። አፍንጫዬ ላይ አደረግኩት። «ሽታ አለው! ቁሌት ቁሌት ይላል! በሩን ዝጉት፣ ማንም እንዳይወጣ! ለማንም እንዳትናገሩ!» ፓተንቱ በማን ስም ይሁን የሚለውን ሁሉ ማሰብ ጀምሬያለሁ። የሚመልስልኝ ጠፋ። በኋላ እንደሰማሁት ሦስቱም ጠረጴዛ ሥር ነበሩ።

«መልስ አለህ?» አለ ድምፁ።

«ስትወርጂ ማዘር፣ ስትወርጂ!»

ይቺን «ስትወርጂ» እኔ ነኝ ጌሙ ውስጥ የከተትኳት። አንዱ ረዳት «መልስ ስትወርድ» ብሎ ወረድኩ፣ እሱ በሩን ዘግቶ ሄደ። ገንዘቡ አይደለም ያናደደኝ። እሺ፣ ገንዘቡም ነው። በቀሌ ነበረች፤ ዞራ በኔው መጣች።

መነጽሩን ሳወልቅ እትዬ በሩ ላይ ቆመዋል። ነጠላቸውን አደግድገው፣ በአንድ እጃቸው የመብራት ቢል ይዘው። መዳፌ ላይ አሥር ብር።

«ይቅርታ እትዬ፣ ሥራ ላይ ሆኜ ነው» አልኩ።

«አየሁ» አሉ።

አሥር ብሯን ልመልስ ብል በጄ አላሉም። ይኸው እስከ ዛሬ እንጨቃጨቅባታለን፤ ጌማችን በሁለት ዓመት ውስጥ ያስገባው ብቸኛ ገቢ እሷ ናት። አንዱ ለአራት እንካፈላት ይላል። ሥዕል የምትሠራው በፍሬም ትሰቀል ትላለች። ኮድ የሚጽፈው ግብር ይከፈልባታል ወይ ብሎ የምሩን ጠየቀኝ። ለጊዜው የመነጽሩ ሣጥን ውስጥ ተቀምጣለች።

እትዬ ግን ጠዋት ጠዋት በግቢው ሳልፍ «መልሴስ?» ይሉኛል፣ ፊታቸው ሳይፈታ። ቀልድ ይሁን የምር እስካሁን አልለየሁትም። ትናንትም አንገቴን ደፍቼ ላልፍ ስል በረንዳው ላይ ምስር እየለቀሙ ነበር። ቀና አላሉም።

«ወሩ ሐሙስ ያልቃል» አሉኝ። «ወራጅ አለ።»